ከግማሽ ሜትር የሚያይ አቅራቢ መነጽር፦ «ፓፒሊዮ 2» በታላላቆቹ የውኃ ተርቦች ሲፈተን

ድሬዳዋ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ሕይወት አስተምራለሁ። ስለ ነፍሳት አመዳደብ የሚናገረው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ሁልጊዜ የማነሣው ምሳሌ የውኃ ተርብ ነው፤ የደቻቱ ወንዝ ጎርፉን አሳልፎ በአሸዋው ላይ ኩሬ ኩሬ በሚያስቀርበት ሰሞን ከውኃው በላይ ሲመላለስ ያላየው ልጅ ስለሌለ፣ ስሙን ከጠራሁላቸው ማንነቱን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነበር። ለብዙ ዓመታት ለተማሪዎቼ የማሳያቸው በአልኮል የተቀመጠ ናሙና ብቻ ነበር፤ የውኃ ተርብ ደግሞ ከሞተ በኋላ ቀለሙን አይጠብቅም። በሕይወት ሳለ የጠራ ሰማይ የመሰለው ሆዱ ብዙም ሳይቆይ ቡናማ ይሆናል፣ የዓይኖቹም ድምቀት ይጠፋል። በቃል «ሰማያዊ» እያልኩ በብልቃጥ ውስጥ የጠቆረ ነገር ማሳየት ስለከበደኝ፣ ፍጥረቱን ሳልይዘውና ሳልገድለው ከነሕይወቱ በቅርብ የሚያሳየኝ መሣሪያ ስፈልግ ቆየሁ። ይህ ግምገማ ሁለት ክረምትና ሁለት በጋ ስለተጠቀምኩበት መሣሪያ ነው።

መሣሪያው «ፔንታክስ ፓፒሊዮ 2» የሚባል አነስተኛ አቅራቢ መነጽር ነው። ሁለት ዓይነት ሆኖ ይሠራል፤ አንዱ 6.5 እጥፍ፣ ሌላው 8.5 እጥፍ ያጎላል፤ የሁለቱም የፊት ሌንስ ስፋት 21 ሚሊ ሜትር ነው። እኔ ጋ ያለው 6.5 እጥፍ የሚያጎላው ነው። ክብደቱ 300 ግራም ስለማይሞላ ቀኑን ሙሉ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ቢውል አይከብድም። ፓፒሊዮ በላቲን ቢራቢሮ ማለት ሲሆን፣ ስሙ የተሰጠው መሣሪያው በቅርብ ያሉ ጥቃቅን ፍጥረታትን ለማየት ስለተሠራ ነው። በከተማችን ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ ያሉትን ሱቆች ዞሬ ጠይቄ ያገኘኋቸው ለሩቅ ብቻ የተሠሩ ትላልቅ መነጽሮች ስለነበሩ፣ ይኸኛውን ከውጭ አገር የመጣ ዘመዴ ይዞልኝ መጣ።

ከሌላው አቅራቢ መነጽር የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ከ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያለን ነገር አጥርቶ ያሳያል። የተለመደው ዓይነት በጣም ቢቀርብ ከሁለት ወይም ከሦስት ሜትር ወዲህ ያለውን ያደበዝዛል፤ ብዙዎቹ እንዲያውም ከአምስት ሜትር ወዲህ አያዩም። በግድ ቢቀርቡ እንኳ ሁለቱ ቱቦዎች ጎን ለጎን ቀጥ ብለው ስለሚመለከቱ፣ የግራው ዓይን የሚያየውና የቀኙ የሚያየው ሁለት የተለያየ ምስል ይሆናል። በፓፒሊዮ ግን የማጥሪያውን ጎማ ወደ ቅርብ ባዞርን ቁጥር የፊት ሌንሶቹ ወደ ፊት እየወጡ እርስ በርሳቸውም እየተቀራረቡ ይሄዳሉ፤ ደብተር ላይ የተጻፈ ነገር ስናነብ ሁለቱ ዓይኖቻችን ወደ አፍንጫችን ዘንበል እንደሚሉት ማለት ነው። በዚህ ብልሃት ምስሉ አንድ እንደሆነ ይቆያል፣ ጥልቀቱም አይጠፋም። በግማሽ ሜትር ላይ ያለን ነገር 6.5 እጥፍ ማጉላት፣ ያንኑ ነገር ከስምንት ሴንቲ ሜትር ባነሰ ርቀት እንደማየት ነው፤ በባዶ ዓይን ይህን ያህል ቀርቦ አጥርቶ ማየት ለአብዛኛው ሰው አይቻልም።

እንግዲህ መሣሪያውን የፈተንኩባቸው ፍጥረታት እነማን እንደሆኑ ማስረዳት አለብኝ፤ የመነጽሩ ብርታትም ሆነ ድክመት የሚታወቀው በእነርሱ ጠባይ ነውና። የውኃ ተርቦች በሙሉ የሚገኙበት ክፍለ መደብ ኦዶናታ ይባላል፤ ስሙን እ.ኤ.አ. በ1793 ያወጣው የዴንማርኩ ሊቅ ፋብሪሲየስ ሲሆን፣ መነሻው ጥርስ የሚል ትርጉም ያለው የግሪክ ቃል ነው። በዚህ ክፍለ መደብ ውስጥ ከ6,000 በላይ ዝርያዎች አሉ። ከሞላ ጎደል ሁሉም በሁለት ጎራ ይመደባሉ። ቀጫጭኖቹና አብዛኛውን ጊዜ ሲያርፉ ክንፋቸውን በጀርባቸው ላይ የሚያጥፉት ዛይጎፕቴራ ሲባሉ፣ ወፈር ያሉትና ሲያርፉም ክንፋቸውን እንደ ዘረጉ የሚቆዩት አኒሶፕቴራ ይባላሉ። እኔ የተከታተልኳቸው በአኒሶፕቴራ ውስጥ ያሉትን አሽኒዴ የተባለውን አስተኔ ነው፤ አስተኔ ማለት የሚቀራረቡ ወገኖችን የሚሰበስበው የምደባ እርከን፣ በተለምዶ ቤተሰብ የምንለው ነው፤ ወገን ደግሞ የሚቀራረቡ ዝርያዎችን ይሰበስባል። አስተኔውን እ.ኤ.አ. በ1815 የሰየመው እንግሊዛዊው ዊልያም ኤልፎርድ ሊች ነው። ዛሬ በውስጡ 50 ያህል ወገኖችና ከ450 በላይ ዝርያዎች ተቆጥረዋል፤ ከዓለም ትልልቅ የውኃ ተርቦች ብዙዎቹም እዚህ ይገኛሉ። በደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚኖረው ቴትራካንታጋይና ፕላጂያታ የሚባለው ዝርያ እንስቷ ክንፏን ስትዘረጋ ወደ 16 ሴንቲ ሜትር ትደርሳለች። የእኛው አናክስ ኢምፔራቶር እርሷን ባያህልም ክንፉ ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን በኩሬው ላይ ካሉት ሁሉ ገዝፎ ይታያል። የወገኑ ስም አናክስ በግሪክ ጌታ ወይም ገዥ፣ የዝርያው ስም ኢምፔራቶር ደግሞ በላቲን ንጉሠ ነገሥት ማለት ነው፤ ይህንንም ስም ያወጣለት ያው ሊች በዚያው ዓመት ነው።

ምልከታዬን በብዛት ያካሄድኩት ሐረማያ ሐይቅ ዳር ነው። ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ የደንገጎን ዳገት ወጥቼ ሐረማያ እወርዳለሁ፤ ከድሬዳዋ 1,200 ሜትር ከፍታ ወደ 2,000 ሜትር ያህል ስለምወጣ ሙቀቱም ይቀንሳል፣ መነጽሩንም ላብ አያስቸግረውም። ሐይቁ ደርቆ ለዓመታት ሜዳ ሆኖ እንደነበረ የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ በኋላ ውኃው ተመልሷል፣ ከውኃው ጋርም ፊላውና ቄጤማው፣ ከእነርሱም ጋር የውኃ ተርቦቹ መጥተዋል። የአናክስ እንቁላልም ሆነ እጭ ውኃ ሳያገኝ ዓመታት መቆየት አይችልም። ስለዚህ አሁን በዳርቻው የምናያቸው ሁሉ ከሌላ ውኃ ተነሥተው የመጡ ወላጆች ዘሮች ናቸው፤ ይህንን ባሰብኩ ቁጥር የእነዚህ ፍጥረታት የመብረር ኃይል ይበልጥ ይደንቀኛል።

የመጀመሪያው ፈተና ዓይን ነበር። አሽኒዴን ከሌሎች ለመለየት የሚመለከት ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ማየት ያለበት ሁለቱ ትልልቅ ዓይኖች በራሱ አናት ላይ እንዴት እንደሚገናኙ ነው። ጎምፊዴ በሚባለው አስተኔ ዓይኖቹ ተራርቀው ይቀመጣሉ፤ ሊቤሉሊዴ በሚባለው፣ ማለትም በየቦዩ ዳር በምናያቸው ቀያዮቹና ትንንሾቹ ዘንድ፣ ዓይኖቹ ይነካካሉ እንጂ የሚገናኙበት መስመር አጭር ነው። በአሽኒዴ ግን ሁለቱ ዓይኖች ረጅም ስፌት በመሰለ መስመር ተጋጥመው ራሱን በሙሉ ሊሸፍኑት ይደርሳሉ። እያንዳንዱ ዓይን በሺዎች ከሚቆጠሩ ጥቃቅን ዓይኖች የተሠራ ነው፤ በታላላቆቹ ዘንድ ቁጥራቸው ወደ 30,000 ይጠጋል። ይህንን ስፌት በፓፒሊዮ ከሁለት ሜትር ርቀት በግልጽ አየሁት። ተማሪዎቼም በየተራ አይተውታል፤ አንዷ መነጽሩን ከዓይኗ ሳታነሣ «ቲቸር፣ ራሱ የት አለ? ሁሉም ዓይን ነው እኮ» ስትለኝ፣ በሥዕል ሰሌዳ ላይ ስንት ዓመት ያልተሳካልኝ ትምህርት በአንድ ጊዜ እንደገባት ተረዳሁ።

ይሁን እንጂ እዚያ ለመድረስ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ መሣሪያውን ለመግዛት የሚያስብ ሰውም ይህንን አስቀድሞ ቢያውቅ ይሻላል። ሊቤሉሊዴዎች እንጨት ጫፍ ላይ አርፈው፣ ነፍሳት ሲያልፍ ብድግ ብለው ይዘው ተመልሰው እዚያው ያርፋሉ፤ ለመነጽር የሚመቹ ናቸው። የአናክስ ወንድ ግን የያዘውን የውኃ ዳርቻ ለብዙ ሰዓት በክንፍ እየተመላለሰ ይጠብቃል፤ ሲያርፍም ከሣር ወይም ከቁጥቋጦ ላይ ቁልቁል ተንጠልጥሎ እንጂ እንደ ሌሎቹ አግድም ተቀምጦ አይደለም። በበረራ ላይ እያለ በመነጽር መከተል እጅግ ያስቸግራል፤ የማጥሪያው ጎማ ከግማሽ ሜትር እስከ ሩቁ ያለውን ርቀት ሁሉ ስለሚሸፍን፣ ከቅርብ ወደ ሩቅ ለመመለስ ረጅም ማዞር ይጠይቃል፣ እስኪጠራ ድረስም ተርቡ አልፎ ይሄዳል። እኔ የደረስኩበት ዘዴ ይህ ነው፦ ወንዱ የሚመላለስበትን መስመር ለጥቂት ጊዜ በባዶ ዓይን አጠናለሁ፤ ሁልጊዜ በአጠገቡ የሚያልፍበትን አንድ የፊላ ዘንግ እመርጣለሁ፤ መነጽሩን በዘንጉ ላይ አጥርቼ እጠብቃለሁ። መንገዱን ብዙም ስለማይለውጥ ይመጣል፤ አልፎ አልፎም በአየር ላይ ቆም ስለሚል በዚያች ቅጽበት የደረቱ አረንጓዴነትና የሆዱ ሰማያዊነት፣ በሆዱም ጀርባ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርደው ጥቁር መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

እዚህ ላይ ስለ እይታው ስፋት ልናገር። ይህ መነጽር በ1,000 ሜትር ርቀት ላይ ወደ 130 ሜትር ስፋት ያለውን ቦታ ያሳያል፤ በስሌት ሲወርድ በአንድ ሜትር ላይ 13 ሴንቲ ሜትር፣ በግማሽ ሜትር ላይ ከዚያ እኩሌታውን ያህል ይሆናል። 10 ሴንቲ ሜትር ክንፍ ያለው አናክስ እንግዲህ በአንድ ሜትር ላይ ሙሉ በሙሉ በእይታው ውስጥ ይገባል፤ በግማሽ ሜትር ግን የምናየው ደረቱን ብቻ ወይም ሆዱን ብቻ ነው። ለእኔ ይህ ጉድለት አልሆነብኝም፤ እንዲህ ቀርቦ እንድንመለከተው የሚፈቅድልን የውኃ ተርብ ራሱ ብርቅ ነውና። ለምን እንደሚፈቅድ ግን መናገር ያስፈልጋል፤ መሣሪያው ዋጋውን የሚያስከብረው እዚያ ላይ ነው።

የሚፈቅድባቸው ጊዜያት ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው እንቁላል ስትጥል ነው። ከአኒሶፕቴራ መካከል ብዙዎቹ እንቁላላቸውን ውኃ ላይ ጠብ ያደርጉታል፤ የአሽኒዴ እንስቶች ግን በሆዳቸው ጫፍ እንደ ስለት ያለ እንቁላል ማስገቢያ ስላላቸው የውኃ ተክሉን ሥጋ ሰንጥቀው በውስጡ ያስቀምጡታል። የአናክስ ኢምፔራቶር እንስት ይህንን የምትሠራው ወንዱ ሳይዛት ብቻዋን ሆና ነው፤ በተንሳፋፊ ተክል ላይ ተቀምጣ ሆዷን ወደ ውኃው አጥፋ፣ አንዱን ቦታ ወግታ ወደ ሌላው ፈቀቅ እያለች ትቆያለች። ቀስ ብዬ ስጠጋ ከአንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቀት ላይ ሆኜ የሆዷ ጫፍ ወደ ግንዱ ሲገባና ሲወጣ ተመለከትሁ። በዚህ ሥራ የተሰማሩ የውኃ ተርቦች ደጋግመው ሲታዩ ዝርያ ለመለየትም ይረዳል፤ አናክስ ኢፊፒጀር የተባለው የቅርብ ዘመዷ ብዙውን ጊዜ ወንዱ እንስቷን ከአንገቷ ሥር እንደ ያዛት ተጣምረው ነው እንቁላል የሚጥሉት።

ሁለተኛው ጊዜ ንጋት ነው። እጩ ካደገ በኋላ ሌሊት ከውኃው ወጥቶ የፊላ ዘንግ ላይ ይወጣል፤ ጀርባው ይሰነጠቅና ከውስጡ ገና ያልጠነከረው የውኃ ተርብ ይወጣል። ለዚህ ብዬ ሐረማያ ከተማ አድሬ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሐይቁ ዳር ደርሻለሁ። የወጣው ተርብ ክንፉ ገና እንደ እርጥብ ላስቲክ ያብለጨልጫል፣ ቀለሙም ፈዛዛ ነው፤ ለመብረር ስለማይችል ከግማሽ ሜትር ላይ ሆኖ ማየት ይቻላል። በሁለት ክረምት ውስጥ በዚህ መነጽር ካየሁት ሁሉ ይበልጥ ልቤን የያዘው ይህ ነው። ተጨማድዶ የነበረው ክንፍ ደም መሰል ፈሳሹ ሲገፋበት እየተዘረጋ ሄዶ፣ በሁለቱ ጥንድ ክንፎች ላይ ያለው የጅማት መረብ በሙሉ ይገለጣል። በእያንዳንዱ ክንፍ ሥር አጠገብ ሦስት ማዕዘን የሆነች ክፍል አለች፤ በሊቤሉሊዴ የፊት ክንፍ ላይ ይህች ሦስት ማዕዘን ከክንፉ ርዝመት ተሻግራ አግድም ትቆማለች፣ በኋላ ክንፍ ላይ ካለችውም ትለያለች። በአሽኒዴ ግን የፊቷም የኋላዋም ቅርጽ ተመሳሳይ ሆኖ ሁለቱም በክንፉ ርዝመት አቅጣጫ ተዘርግተው ይታያሉ። ሊቃውንቱ ለረጅም ጊዜ አስተኔዎችን የመደቡት በእንዲህ ያለው የጅማት አሠራር ነው። ይህችን ሦስት ማዕዘን በሕይወት ባለ ተርብ ላይ፣ ሳልነካው፣ በሁለት ዓይኖቼ ማየቴ ለመሣሪያው የማልነፍገው ምስጋና ነው።

ሦስተኛው ጊዜ ተርቡ ከሄደ በኋላ ያለው ነው። አውልቆት የሄደው የእጩ ቆዳ ከዘንጉ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ ነፋስና ዝናብ እስኪወስደው ድረስ ማንም ሳይቸኩል ሊመለከተው ይችላል። የአሽኒዴ እጭ ቀጠን ብሎ የረዘመ፣ ትልልቅ ዓይኖች ያሉት ነው። የታችኛው ከንፈሩ ተጣጥፎ ከራሱ ሥር ይቀመጥና ምግብ ሲያይ በቅጽበት ተወርውሮ ይይዛል፤ ይህ ጭምብል የሚባለው አካል በሊቤሉሊዴ እጭ እንደ ማንኪያ ጎድጎድ ያለ ሲሆን በአሽኒዴ ግን ጠፍጣፋ ነው። የነፍሳት እጮችን፣ የእንቁራሪት እጮችን፣ ትንንሽ ዓሦችን ሳይቀር ይበላበታል። የሚተነፍሰው በፊንጢጣው ውስጥ ባሉ፣ እንደ ዓሣ ስንጥብ በውኃ ውስጥ በሚያስተነፍሱ አካላት ነው፤ ውኃውን በኃይል ወደ ኋላ ሲተፋው ደግሞ ወደ ፊት ይወነጨፋል። በባዶው ቆዳ ላይ ጭምብሉ ጠፍጣፋ መሆኑን በፓፒሊዮ ከግማሽ ሜትር ለይቼዋለሁ፤ ጫፉ ላይ ያሉትን ጥርሶች ለመቁጠር ግን 10 እጥፍ የሚያጎላ ተራ አጉሊ መነጽር ያስፈልጋል። አቅራቢ መነጽር አጉሊ መነጽርን ይተካል ብሎ የሚጠብቅ ሰው እዚህ ላይ ያዝናል።

ከአስተኔ ወርደን ወደ ወገንና ወደ ዝርያ ስንሄድ የመሣሪያው አቅም መጥበብ ይጀምራል። አናክስ የተባለውን ወገን መለየት ይቻላል፤ በብዙ የአሽኒዴ ወገኖች የወንዱ የኋላ ክንፍ በሥሩ በኩል ማዕዘን ሠርቶ የተቆረጠ ሲመስል፣ በአናክስ ግን ወንዱም እንስቷም ክብ ያለ የክንፍ ሥር ነው ያላቸው፤ ተርቡ ተንጠልጥሎ ሲያርፍ ይህ ከሁለትና ከሦስት ሜትር ይታያል። በአናክስ ውስጥ ደግሞ ቀለም ይረዳል። ኢምፔራቶር ሰማያዊና አረንጓዴ ነው፤ ኢፊፒጀር በጥቅሉ ቡናማ ሆኖ ወንዱ በሁለተኛው የሆድ ቀለበት ላይ ሰማያዊ ምልክት አለው፣ ስሙም ኮርቻ ተሸካሚ ማለት ነው፤ ስፔራተስ ወደ ብርቱካናማ ያደላል፣ የሚወደውም ፈሳሽ ውኃን ነው። እነዚህን ሦስቱን በዚህ መነጽር መለየት ለማንም ትጉ ተማሪ ይቻላል። ኢፊፒጀርን ድሬዳዋ ዙሪያ ዝናብ ባቆራቸው ጊዜያዊ ኩሬዎች ላይ አይቼዋለሁ፤ እጩ በጥቂት ወራት ውስጥ አድጎ ስለሚጨርስ ኩሬው ሳይደርቅ ይደርሳል፣ ከዚያም ረጅም መንገድ ይሰደዳል። ከአፍሪካና ከእስያ ተነሥቶ አውሮፓን አቋርጦ አይስላንድ ላይ ሳይቀር የተገኘ የውኃ ተርብ ይኸው ነው።

አስቸጋሪው በደጋችን የሚኖሩት የሌሎቹ ወገኖች ዝርያዎች ናቸው። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ አንድ የአሽኒዴ ዝርያ አለን። ፈረንሳዊው ሬኔ ማርታን እ.ኤ.አ. በ1908 ሲገልጸው አሽና አቢሲኒካ ብሎት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የአፍሪካ ዝርያዎች እንደገና ሲመረመሩ ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ አሽናዎች የተለየ የራሳቸው ወገን ሊኖራቸው እንደሚገባ ስለታመነ፣ የአፍሪካን የውኃ ተርቦች ዕድሜውን ሙሉ ባጠናው በኤልየት ፒንሂ ስም ፒንሄይሽና የሚባል ወገን ተመሠረተ፤ የእኛውም ፒንሄይሽና አቢሲኒካ ሆነ። የአገራችን ስም ያለበትን ይህንን ፍጥረት ተማሪዎቻችን የሚያውቁት በጣም ጥቂት መሆናቸው ያሳዝነኛል። እንዲህ ያሉትን የተቀራረቡ ዝርያዎች ለመለየት ግን የሚታየው በወንዱ ሆድ ጫፍ ላይ ያሉት መያዣዎች ቅርጽ ነው፤ መያዣዎቹ ደግሞ ጥቂት ሚሊ ሜትር ናቸው፣ ተርቡም ከሁለት ሜትር ወዲህ አያስጠጋም። በ6.5 እጥፍ ይህንን አየሁ የሚል ሰው ቢኖር እኔ አላምነውም። ለዚያ ጥሩ ካሜራ ወይም ለጥቂት ደቂቃ በመረብ ይዞ፣ አይቶ መልቀቅ ያስፈልጋል።

ሌላው ድክመቱ ብርሃን ነው። የፊት ሌንሱ 21 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ የሚያስገባው ብርሃን ጥቂት ነው። በድሬዳዋ ቀትር ይህ ምንም ለውጥ የለውም፤ ችግሩ የሚታወቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ነው። ከአሽኒዴ ውስጥ እንደ ጋይናካንታ ያሉት ወገኖች ቀን በጥላ ተጠልለው ውለው የሚያድኑት ማምሻውንና ንጋት ላይ ነው፤ እነርሱን ለማየት የሚፈልግ ሰው የፊት ሌንሱ ሰፊ የሆነ ሌላ መነጽር ይፈልግ። ንጋት ላይ ስለ ወጣው ተርብ የነገርኳችሁንም ያየሁት ፀሐይዋ ብቅ ካለች በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረውን የተመለከትሁት በእጅ ባትሪ ነበር።

ሦስተኛው ውኃና አቧራ ነው። ፓፒሊዮ ውኃ እንዳያስገባ ታሽጎ የተሠራ አይደለም፤ አምራቹም እንዲህ ብሎ አይሸጠውም። ውኃ ዳር ለሚውል ሰው ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ አንድ ጊዜ ከእጅ አምልጦ ሐይቅ ውስጥ ከገባ አለቀለት። የድሬዳዋ ነፋስ የሚያነሣው ደቃቅ አሸዋም ያሰጋኛል። ስለዚህ ሁልጊዜ በሚዘጋ የላስቲክ ከረጢት እይዘዋለሁ፣ ሌንሱን ከመጥረጌ በፊትም አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፋለሁ፤ አሸዋ ያለበትን መስታወት በጨርቅ መጥረግ መፋቅ ነውና። በዚህ ጥንቃቄ እስከ ዛሬ ድረስ ምስሉ እንደ መጀመሪያው ቀን የጠራ ነው።

ተማሪዎችን ይዤ ስሄድ አንድ ስሕተት ደጋግሞ ስለሚያጋጥመኝ እርሱንም ላንሣ። ዝናብ ሊመጣ ሲል በሜዳው ላይ በመንጋ የሚበሩትን ቢጫ የውኃ ተርቦች ልጆቹ ሁሉ ታላላቆቹ ናቸው ይላሉ። አብዛኞቹ ግን ፓንታላ ፍላቬሴንስ የሚባሉ ሊቤሉሊዴዎች ናቸው፤ እነርሱም የሕንድ ውቅያኖስን በማቋረጥ የታወቁ ድንቅ ተጓዦች ሲሆኑ፣ ከአናክስ ግን በጉልህ ያንሳሉ። በባዶ ዓይን ለመለየት ያከራክራል፤ አንዱ ተንጠልጥሎ ሲያርፍ በመነጽሩ የዓይኑን ስፌት ማየት ክርክሩን ይጨርሰዋል። ሌላው ተደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ የወባ ትንኝን ይጨርሱልን እንደሆነ ነው። እጮቻቸው የትንኝ እጭ ይበላሉ፣ ትልልቆቹም በበረራ ላይ የሚያገኟቸውን ይይዛሉ፤ ነገር ግን በከተማችን ከሚያስቸግሩን ትንኞች ብዙዎቹ የሚራቡት በየግቢያችን በርሜልና ሮቶ ውስጥ ነው፣ አናክስም እንቁላሉን የሚያስቀምጥበት ተክል እዚያ የለውም። በርሜሉን መክደን የእኛ ሥራ ሆኖ ይቀራል።

የዓይን መነጽር ለሚያደርጉ ሰዎች፣ የዓይን መደገፊያውን ጎማ ዝቅ ሲያደርጉት ከሌንሱ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ርቀው ስለሚያዩ መነጽራቸውን ሳያወልቁ መጠቀም ይችላሉ፤ እኔም እንዲሁ ነው የምጠቀምበት። ከሥሩ የካሜራ ማቆሚያ የሚገባበት ብሎን ቀዳዳ አለው። አንድ መነጽር ለ40 ተማሪ ማካፈል ላለበት መምህር ከሁሉም ይልቅ የሚጠቅመው ይህች ቀዳዳ ናት፤ ማቆሚያውን ፊላው አጠገብ ተክዬ፣ የተወለቀውን ቆዳ አንድ ጊዜ አጥርቼ እተወዋለሁ፣ ልጆቹም በሰልፍ እየመጡ ሳይነኩት ያያሉ።

ከሁለቱ ዓይነቶች የትኛውን ልግዛ ለሚለኝ የምመልሰው 6.5 እጥፍ የሚያጎላውን ነው። 8.5 እጥፍ የሚያጎላው ዝርዝሩን ጨምሮ ቢያሳይም እይታው ጠባብ ነው፣ የእጅ መንቀጥቀጥንም አብሮ ያጎላል፣ ብርሃኑም ይቀንሳል፤ የማያርፍን ፍጥረት ለሚከተል ሰው ሦስቱም ጉዳት ናቸው። 8.5 እጥፉን የምመርጠው ማቆሚያ ላይ ተክሎ የተወለቀ ቆዳና የተቀመጠ እንስት ብቻ ለሚመለከት ሰው ነው።